የሒሳብ ጥያቄ ሲያቅት ማን ይጠየቃል?

የሒሳብና የሳይንስ የቤት ሥራ ዘለው የሚያልፉት ነገር አይደለም። በታሪክ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ተማሪ ቀጣዩን አንብቦ ሊረዳ ይችላል። ክፍልፋይ መደመር ያልገባውን ልጅ ግን ያችው ክፍልፋይ በ7ኛ ክፍል በአልጀብራ፣ በ9ኛ ክፍል በፊዚክስ፣ በ10ኛ ክፍል በኬሚስትሪ እየተመላለሰች ትይዘዋለች። ማታ ደብተሩን ዘርግቶ «አቃተኝ» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ ያቃተው የዚያን ዕለት ትምህርት አይደለም። ከሁለት ከሦስት ዓመት በፊት ሳይገባው ያለፈው ነገር ነው ዛሬ የመጣበት። እርዳታ ፍለጋውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ልጁ የሚጠይቀው ስለ አንድ ጥያቄ ሲሆን የጎደለው ሌላ ቦታ ነው።

ለምሳሌ መዘዞን እንውሰድ፤ በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መንዝ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በእንደዚህ ያሉ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ሁሉ የከተማው ልጅ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ለሁለትና ለሦስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ፤ የሳምንት ስንቃቸውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን ቋጥረው ይገባሉ፤ ሲያልቅ ወደ ቤተሰብ ይመለሳሉ። ቀን ተምሮ፣ ማታ እንጨት አንድዶ፣ ወጥ ሠርቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ደብተር የሚገለጠው። ሴት ልጅ ከወላጆቿ ቤት እየተመላለሰች የምትማር ከሆነ ደግሞ ውሃው፣ እንጀራው፣ የታናናሾቿ ነገር ይጠብቃታል፤ ለቤት ሥራ የሚተርፋት ሰዓት የደከመችበት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያለው ቤተሰብ በወር የሚከፈለው አስጠኚ ይቀጥራል። ክፍል ተከራይተው የሚማሩት ልጆች አስጠኚ ግን አብሯቸው የሚያድረው ጓደኛቸው ነው።

ይህ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም የአገሩ የቆየ የመማሪያ መንገድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየሰዓቱ አያስተምሩም። ትምህርቱን ቀድሞ የያዘው ተማሪ ኋላ ለመጣው ይነግራል፤ ማታ በቅጸላ ሰዓት ቀን የተሰማው ይደገማል፤ የጎደለው የሚታወቀው ልጁ ራሱ ሲለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ተማሪው ትምህርቱን በራሱ አፍ ካላወጣው በቀር አወቀ አይባልም። ዘመናዊው ክፍል ይህን ልማድ ጥሎታል። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላሉ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፣ ደወል ይደወላል። ያን «አዎ» ካሉት መካከል ስንቱ እንዳልገባው የሚታወቀው ማታ ነው።

ከሸዋ አድባራት ጓሮ ሒሳብ አልጠፋም ነበር። የበዓላት ማውጫ ስሌት የሆነውን ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። የ2018 ዓ.ም.ን በዓላት ለማውጣት 5500 እና 2018 ይደመራል፤ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ተቀንሶ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ። በሌላ ዓመትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸው። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ይጨመርና 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ሪሜይንደር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ ሲያገኘው ይደናገራል፤ የአያቱ የንስሐ አባት በየዓመቱ የሚሠሩበት ቀሪ መሆኑን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ግን በአምስት ደቂቃ የራሱ ይሆናል።

መደናገሩ ከቋንቋው ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተማረ ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች ላዕልና ታህት፣ ጎነ ሦስት፣ መጠነ ቁስ፣ እፍግታ፣ ብርሃን አስተፃምሮ እያለ ያደገ ነው። ወደ 9ኛ ክፍል ሲሻገር እነዚህ ቃላት ሁሉ ይጠፋሉ፤ የሚያውቀው ነገር በማያውቀው ስም ይጠራል። መጽሐፉ ላይ «ፋይንድ»፣ «ሲምፕሊፋይ»፣ «ፕሩቭ» የሚሉ ትእዛዞች አሉ። «ፕሩቭ» ያለውን ተማሪው አስልቶ ቁጥር ሊያወጣለት ይታገላል፤ የተጠየቀው ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ እውነት መሆኑን በምክንያት እንዲያሳይ ነው። ሒሳቡን ስላላወቀ አይደለም የተሳሳተው፤ ጥያቄው ምን እንዳለው ስላልገባው ነው።

ስለዚህ ለእርዳታ የተጠየቀ ሰው፣ ታላቅ ወንድምም ሆነ ጎረቤት መምህር፣ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት አንድ ነገር ቢያደርግ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው፤ «እስኪ ጥያቄውን በራስህ አፍ፣ በአማርኛ ንገረኝ» ማለት። ልጁ መናገር ካልቻለ ችግሩ ቋንቋ ነው። ከተናገረው በኋላ ግን መንገዱ ከጠፋው ችግሩ ሒሳቡ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ይጀመራል። ሲገባው ደግሞ መልሶ በእንግሊዝኛ መጻፍ አለበት፤ ፈተናው የሚመጣው በዚያ ስለሆነ። በአማርኛ ማስረዳትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተሳስተዋል። ልጅ የሚያስበው ባደገበት ቋንቋ ነው።

ወደ ኋላ የመሄድን ነገር በክፍልፋይ ማየት ይቻላል። ግማሽና ሲሶ ስንት ነው ሲባል ብዙ ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ይላል። ስህተት ነው ብሎ በቀይ መሰረዝ ለልጁ ምንም አይነግረውም። አንድ ድፎ ዳቦ ግን ይነግረዋል። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ዳቦ ሲጨመር ከግማሽ መብለጥ አለበት፤ ሁለት አምስተኛ ግን ከግማሽ ያንሳል። ጨምረን እንዴት አነሰብን? ልጁ ይህን ሲያይ ስህተቱን ራሱ ይጥለዋል። ከዚያ ዳቦው ስድስት እኩል ቦታ ቢቆረጥ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ በድምሩ ከስድስት አምስት ቁራሽ መሆኑን ያያል። ታህትን ማመሳሰል ማለት ይኸው ነው፤ ቁራሹን እኩል አድርጎ መቁረጥ።

ሌላው ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ቦታ መለኪያ መለወጥ ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲሜትር ስለሆነ አንድ ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሴንቲሜትር ይመስለዋል፤ እውነቱ 10,000 ነው፤ ጎን ለጎን መቶ፣ ወደ ታችም መቶ። የገበሬ ልጅ ይህን በመሬት ሊማረው ይችላል። አንድ ጥማድ ብዙውን ጊዜ እንደ ሩብ ሄክታር ይቆጠራል፤ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና ጥማዱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በየጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ ነው። አባት የማያውቁት የ9ኛ ክፍል መጽሐፉን እንጂ ማሳቸውን አይደለም። በነገራችን ላይ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የሚማሩበት ካን አካዳሚ የተወለደው ከዚችው ችግር ነው። ሳልማን ካን የተባለው መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላ ከተማ ያለች አንዲት የሥጋ ዘመዱን ሒሳብ በስልክና በኢንተርኔት ማስጠናት ጀመረ፤ ልጅቱን ያቃታት መለኪያ መለወጥ ነበር።

እርዳታ መስሎ የሚጎዳ ነገርም አለ፤ እሱም መልሱን መስጠት ነው። ጠዋት ከክፍል በፊት የጎበዙ ልጅ ደብተር በእጅ በእጅ ሲዞር የማይታይበት ትምህርት ቤት የለም። በየትምህርት ቤቱ የተቋቋመው የአንድ ለአምስት ቡድን ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አንድ ጎበዝ አምስቱን እንዲያበረታ ነው የታሰበው። በብዙ ቦታ ግን አንዱ ሠርቶ አምስቱ የሚገለብጡበት ሆነ። የተገለበጠ የቤት ሥራ መምህሩንም ያሳስታል። ሁሉም በትክክል ሠርቶ ስላመጣ ክፍሉ ገብቶታል ብለው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ያልፋሉ።

የኩረጃ ዋጋ በአገር ደረጃ የታየበት ጊዜ ብዙም አልራቀም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደረሰ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ከዚያ የተገኘው ውጤት አገሩን አስደነገጠ። ከመቶ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ከዘጠና የሚበልጠው አሁንም ግማሹን መመለስ አልቻለም። ያን ሁሉ ዓመት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር የቤት ሥራው «ራይት» እየተደረገለት ነበር።

መንግሥት ይህን ክፍተት በቴክኖሎጂ ለመሙላት የሞከረው ቀደም ብሎ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ «ፕላዝማ» ተሰቀለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ የዲኤንኤን ቅርጽ፣ የፕላኔቶችን ዑደት መምህሩ በጠመኔ ሊያሳዩት በማይችሉት መንገድ ያሳይ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ፕላዝማው አይጠየቅም። ጥያቄ ሰጥቶ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ተማሪው ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ይናገርና ያልፋል። መምህሩ ደግሞ በራሳቸው ክፍል ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ የሚነኩ ረዳት ሆኑ። መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ዛሬ የፕላዝማው ቦታ በስልክ ተተክቷል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ባልደረሱባቸው ቦታዎች ተማሪው የሚያነበው በስልክ በተጫነ ፋይል ነው፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና ወርክሺቶች በቴሌግራም ይዞራሉ። በካሜራ የተነሳን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ የሚሠራው ፎቶማዝ አለ፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎቶች መጥተዋል። እነዚህ ከፕላዝማው በአንድ ነገር ይሻላሉ፤ ይጠየቃሉ፤ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ቢባሉ አይሰለቹም፣ ልጁም አያፍርም። ይሁንና በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስም ይሰጣሉ፤ አማርኛቸውም እንደ እንግሊዝኛቸው አይደለም። ስለዚህ ተማሪው የሚፈትሽበት መንገድ መያዝ አለበት። 3ሀ + 7 = 22 የሚል ጥያቄ ቢኖርና መሣሪያው ሀ 5 ነው ቢል፣ ልጁ አምስትን መልሶ በቦታው ያስገባል፤ ሦስት ጊዜ አምስት 15፣ ሰባት ሲጨመር 22፤ ልክ ነው። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ስልኩን አስጠኚ አድርጎታል፤ መልሱን ገልብጦ የሚያልፈው ደግሞ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጠው ልጅ ነው፤ ደብተሩን ብቻ ነው የቀየረው።

በሳይንስ ያለው ችግር ከሒሳቡ ለየት ይላል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ወይም ተዘግቶ በሚውልበት ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚሸመደድ ቃል ይሆናል። ሰሜን ሸዋ ግን ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንዝ ከፍ ሲል ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል ሙቀት አያስፈልገውም። የባቄላ ንፍሮ በደጋ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ድስቱን በከባድ ክዳን መግጠም፣ ወይም ድንጋይ መጫን፣ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱንና ሙቀቱን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ይህን የሚያውቁ እናት ፊዚክስ እያስተማሩ ነው፤ ልጁ ድስቱንና መጽሐፉን እንዲያገናኝ የሚረዳው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

የመዘዞ ልጅ ከዚህም የበለጠ አለው። ከከተማዋ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዓለም የከበረ ድንጋይ ገበያ በመዘዞ ስም ይታወቃል። ብዙው ቡናማና ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል እንደ እንቁላል ተቋጥሮ የሚገኝ ነው። የኬሚስትሪ መጽሐፉ ሲሊካ የሚለው የአሸዋ ዋና ውህድ ከውሃ ጋር ሆኖ ነው ኦፓልን የሠራው። በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች ሥርዓት ይዘው ሲደረደሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን ብርሃን ይበትኑታል፤ ድንጋዩ ሲገላበጥ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራው ከዚያ የተነሳ ነው፤ ቀለም የተቀባ አይደለም። ውስጡ ያለው ውሃ ሲደርቅ ብዙው ይሰነጠቃል፤ ቆፋሪና ነጋዴ የሚከስሩበት ይኸው ነው። ስለ ውህድና ድብልቅ፣ ስለ ብርሃን ሞገድ፣ ስለ እሳተ ገሞራ የቤት ሥራ የተሰጠው የመዘዞ ተማሪ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

እርዳታው ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው መምህሩ ላይ ነው። በየትምህርት ቤቱ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ፈተና ሲቃረብና ለተፈታኝ ክፍሎች ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪን በግንቦት ማስጠናት ለ9ኛ ክፍል ተማሪ በኅዳር የተደረገ እርዳታን አይተካም። ቀዳዳው የሚደፈነው ገና ጠባብ ሳለ ነው። ለ9ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ለክፍልፋይ፣ ለመለኪያና ለእንግሊዝኛው ቃላት ብቻ የተመደበ ቢሆን፣ ለ12ኛ ክፍል ከሚደረገው ሩጫ ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል።

ትምህርት ቤት ራሱ ሲዘጋ ደግሞ የቤት ሥራ የሚሰጥ የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ ባትሪ ድንጋይ የሌለው ቤት ልጅ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ዘለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ሒሳብ እየተደራረበ የሚሄድ ትምህርት ነውና ሁለት ዓመት ያመለጠው ልጅ ሲመለስ በዕድሜው በሚገባው ክፍል ቢቀመጥም መጽሐፉ ከእሱ ጋር አይነጋገርም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው ካለበት የሚያነሳው ሰው ነው፤ 4ኛ ክፍልም ይሁን 5ኛ፣ ሳይሰደብና ሳይሳቅበት።

እንዲህ ያለው ሰው በአካባቢው አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እየተቀበለ ነው፤ በከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። ከመዘዞ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ፊዚክስና ምህንድስና የሚማሩ ልጆች ክረምት ሲመጣ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ የት ቦታ ላይ እንደሚያደናቅፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በዚያው መንገድ ሄደውበታልና። በዚህ ክረምት ከመካከላቸው ወደ አገሩ የሚመለስ ሁሉ የድሮ ደብተሩን ፈልጎ ያውጣ፤ ከጎረቤት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይጥራና ከክፍልፋይ ይጀምርላቸው።